ሐይቅ ላይ መቅዘፍ፤ ውሃው ሲተኛና ነፋሱ ሲነሳ

ባለፈው ሰሞን ጭሮ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብላ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ሐረማያ ሐይቅ ላይ አምስት ሆነው በአንዲት ጠባብ ጀልባ ተሳፍረዋል። እሱ መሐል ላይ ቆሞ መቅዘፊያውን እንደ ጦር ወደ ሰማይ ሰብቋል። አንዳቸውም የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም። ከኋላቸው ያለው ውሃ ደግሞ ነጭ ነጭ አረፋ ጥሎበታል። ሰዓቱ ስንት እንደነበር ጠየቅሁት። «ዘጠኝ ተኩል ገደማ» አለኝ። መዋኘት ትችላለህ ወይ አልኩት። ሳቀብኝ።

«አቦ ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! ስንነሳ እኮ ውሃው ጸጥ ያለ ነበር።»

(እኛ ሐረርጌዎች አንቱታ እንደማናበዛ አንባቢ ያውቃልና የልጁን አስተዳደግ እንዳይታዘብብኝ።)

የልጁ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሕግ ሙያ ውስጥ ረጅም ዓመት የቆየ ሰው እንዲህ ዓይነት መልስ በብዙ መልኩ ሰምቷል፤ «ስነሳ ፍሬኑ ይይዝ ነበር»፣ «ስንፈርም ሁሉም ደህና ነበር»። ሐይቅ ላይ ግን ነገሩ ከሌላው ሁሉ ይከፋል። ሲነሱ ጸጥ ያለ ውሃ ሲመለሱም ጸጥ ብሎ ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሐይቅ ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው የሚወጣው በጸጥታው ሰዓት፣ የሚመለሰው ደግሞ ደክሞት፣ እጁ ዝሎ፣ በነፋሱ ሰዓት ነው።

እኛና ውሃ

የጨርጨር ሰው የተራራ ሰው ነው። ከጭሮ እስከ ሂርና፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ስንኖር ውሃን የምናውቀው በሁለት መልኩ ነው። አንድም ወረፋ ተይዞለት በጀሪካን ሲመጣ፣ አንድም በክረምት ከጋራ ተንደርድሮ ማሳና መንገድ ሲወስድ። ሰፍቶ የተኛ ውሃ ለእኛ በአውቶቡስ መስኮት የሚታይ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ መተሐራ ላይ በሰቃን እናየዋለን። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ መግቢያ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ አስፋልቱንና ሐዲዱን አስቸግሯል። ወደ ሐረር ስንወጣ ደግሞ ጨለንቆን፣ ቁልቢን አልፈን ሐረማያን እናገኘዋለን።

በዱሮ ስሙ አለማያ የሚባለውን የዚህን ሐይቅ ታሪክ ለሐረርጌ ሰው መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሳብለት፣ በዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት በፓምፕ ሲጠጣው፣ ከተራቆቱት ጋራዎች የሚወርደው ደለል ወለሉን ሲሞላው ኖሮ በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ጭራሽ ደረቀ። በልጅነታችን ዳክዬ የምንቆጥርበት ሥፍራ ከብት ተሰማራበት። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ውሃው ተመልሷል፤ ከውሃውም ጋር ጀልባ ተመልሷል።

ያልተመለሰው ነገር አለ። በመሐሉ አንድ ትውልድ ያለ ሐይቅ አድጓል። ያኔ የተወለደው ልጅ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከአሰቦት ለትምህርት ወይም ለሽርሽር ሐረማያ የሚደርሰው ወጣት ሐይቁን የሚያየው እንደ አዲስ መናፈሻ ነው። ስለ ነፋሱ የሚነግረው አባት የለውም፤ አባቱም አያውቅማ! እንግዲህ ለማያውቅ ሰው የሚሻለው ከሚያውቅ መጠየቅ ነው። በአገራችን በመቅዘፍ ሲኖር ከኖረ ሰው ለመማር ደግሞ ጣና ድረስ መሄድ ግድ ይላል።

ታንኳ የሚባለው ነገር

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ አይመጥንም፤ አማካዩ 8 ወይም 9 ሜትር፣ ጥልቅ የሚባልበትም 15 ሜትር ገደማ ነው።

በዚህ ውሃ ላይ ከሁሉ በፊት የነበረው፣ ሞተር ከመጣ በኋላም ያልጠፋው ጀልባ ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። በሥራውም በቀዘፋውም ስማቸው የሚነሳው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። (ይህ ማኅበረሰብ በዙሪያው ባለው ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል ተንቆ እንደኖረ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። እጁን የሚጠይፉት ሰዎች ግን በእጁ ሥራ ተሳፍረው ገዳማቱን ሲሳለሙ ኖረዋል።) ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ከነዶ ይጠፈራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዛፊው አብዛኛውን ጊዜ መሐሉን ይዞ ግራና ቀኝ የሚያጠልቀው ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው መቅዘፊያው። ጥልቀት በሌለበት በዚያው ዘንግ ወለሉን እየገፋ ይሄዳል።

ታንኳና የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ የሚለያዩበትን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ውስጥ አየር ስላለ ነው። ውሃ ከገባበት አየሩ ይወጣል፤ ጀልባውም ይሰምጣል ወይም ውሃ ሞልቶ ይገለበጣል። ታንኳ ግን ሆድ የለውም። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ሞገድ ቢረጨው ውሃው በነዶዎቹ መሐል ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ድክመቱ ሌላ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በዋለ ቁጥር ወደ ዳር ጎትቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እንዲህም ተደርጎ ዕድሜው ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። ከሥሩም ውሃውን የሚቆነጥጥ ነገር ስለሌለው የጎን ነፋስ እንደ ቅጠል ያንሸራትተዋል።

የደንገሉ ነገር የውጭ ሰው ሳይቀር አስደንቋል። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ማቋረጥ ይቻላል ብሎ ሲነሳ «ራ» ብሎ ለሰየማት ጀልባ 12 ቶን ደንገል የወሰደው ከእኛው ጣና ነው። ግንበኞቹን ከቻድ ሐይቅ አመጣ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥቶ ረጅሙን ባሕር አቋርጦ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው የጀልባዋ ኋላ ውሃ ጠጥቶ ስለዘቀጠ ጥሏት ወጣ። በዓመቱ በ1962 ዓ.ም. ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ግንበኞች ያሠራት ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ደረሰች።

ነፋሱ ለምን ከሰዓት በኋላ?

ከዘጌ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት የሚያመጡ ታንኳዎች ሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ የሚነሡት ለገበያው ብቻ ብለው አይደለም። ምክንያቱ ከፀሐይ ይጀምራል። የብስ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ግን በሁለቱም ዝግተኛ ነው። ረፋድ ላይ በዳርቻው ያለው መሬት ሲሞቅ ከላዩ ያለው አየር ቀልሎ ይነሣል። የእሱን ሥፍራ ለመሙላት ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛው አየር ወደ ዳር ይነፍሳል። ፀሐይ በበረታች ቁጥር ይህ ነፋስ ይበረታል፤ ከቀትር በኋላ ጉልበቱን ያገኛል፤ ወደ ማታ ይበርዳል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጥና ከየብስ ወደ ሐይቁ ቀስ ያለ ነፋስ ይወጣል። በመሐሉ ያለችው የማለዳ ሰዓት የውሃው እንቅልፍ ናት። በዚህ ላይ አገር አቋራጩ ነፋስ ሲጨመርበት ቀኑ ይለያያል፤ የዕለቱ ዑደት ግን ለሐረማያም ለበሰቃም ለሐዋሳም ያው ነው። ባሕር ዳር ላይ ባለሞተር ጀልባ ያላቸው ሰዎች እንኳ እንግዳን «በጠዋት ውጣ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ክረምቱ ሌላ ዓመል አለው። የደመና ነፋስ ቀጠሮ አያከብርም። ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ሲመጣ ዝናቡን ቀድሞ ከደመናው ሥር ቀዝቃዛ አየር ይወረወራል። ደቂቃ ሳይሞላ የተኛው ውሃ ይታመሳል። ሞቃት ቀን ላይ ድንገት ፊትህን ቀዝቃዛ ነፋስ ከመታህ ዝናቡን አትጠብቅ፤ የቅርቡን ዳር ፈልግ። መብረቅ አይተህ ነጎድጓዱ እስኪሰማህ ሰከንድ ቁጠር፤ ለሦስት ስታካፍለው ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥሃል። ለነገሩ ነጎድጓዱ ከተሰማህ ሒሳቡን ዳር ወጥተህ ሥራው።

ነፋስን በተመለከተ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቁጥር አለ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በአንተና በጀልባህ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ደስ የሚለው አየር 20 ሲሆን አራት ሰው እንደሚገፋህ ነው። ውሃው ራሱ መለኪያ ነው። ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሞገዱ ጫፍ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ መጣል ይጀምራል፤ 20ን ሲያልፍ ነጩ ይበዛል። ለጀማሪ ሕጉ አጭር ነው፤ ነጭ ካየህ አትግባ፤ ገብተህም ከሆነ ውጣ። የእህቴ ልጅ ፎቶግራፍ ያስደነገጠኝ በዚህ ነው።

የሞገዱን ቁመት የሚወስነው ደግሞ የነፋሱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሳይገታ የሚጋልብበት ሜዳ ነው። ጣና ላይ ነፋሱ አሥር ሃያ ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ይችላል። ሐረማያ በደህናው ዘመኑ እንኳ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበርና ያው ነፋስ እዚያ የሚያስነሣው ሞገድ ያነሰ ነው። ይህ ያጽናናል ወይ? አምስት ሰው የጫነች ጠባብ ጀልባ ከንፈሯና ውሃው መሐል አንድ ጋት እንኳ ላይኖር ይችላል። ለእሷ የጋት ሞገድ ይበቃታል። ደግሞም የሐይቅ ሞገድ እንደ ውቅያኖሱ የተራራቀ አይደለም። አጭርና ተከታታይ ነው፤ የአንዱን ውሃ ቀድተህ ሳታፈስ ሌላው ይመጣል።

ውሃው በተኛ ጊዜ

ጥሩ ቀዛፊ የሚለየው በነፋስ ቢሆንም የሚሠራው በጸጥታ ነው። በተኛ ውሃ ላይ መማር ያለበት የመጀመሪያው ነገር በክንድ አለመቅዘፍ ነው። በክንዱ ብቻ የሚስብ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይዝላል። ዶማ የያዘ ገበሬ ወገቡን እንደሚያሳርፍበት ሁሉ ቀዛፊም ከወገቡ ተጠማዝዞ ትከሻውን ያስከትላል። መቅዘፊያው ከእግር አጠገብ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል፣ ከጀልባው ጎን ሳይርቅ ይሳባል፣ ዳሌ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ከዳሌ አልፎ ወደ ኋላ መሳብ ውሃ ወደ ላይ ማንሣት እንጂ ወደፊት መሄድ አይደለም።

በቀኝ ስትቀዝፍ አፍንጫው ወደ ግራ፣ በግራ ስትቀዝፍ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሁለት ከሆናችሁ በሁለት ጎን ቅዘፉ፤ የፊተኛው ምቱን ይሰጣል፣ የኋለኛው ምቱን ተከትሎ አቅጣጫውን ያርማል። የኋለኛው ፊተኛውን ሲመክር መዋል የለበትም። (በትዳርም በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው ብል ጽሑፉ ወደ ሌላ ይሄድብኛል።) ክብደት ዝቅ ይበል፤ ተቀመጥ ወይም ተንበርከክ። የቆመ ሰው የጀልባውን ሚዛን ወደ ራሱ ደረት ከፍ ያደርገዋል፤ ለፎቶግራፍ ሲባል እንኳ።

በተኛ ውሃ ጀማሪ በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚህ የሚወጣውን ሒሳብ ሳይነሡ መሥራት ያስፈልጋል። ነፋስ ከኋላህ ሆኖ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄድክ 6 ኪሎ ሜትር ብትርቅ አንድ ሰዓት ፈጀህ። ስትመለስ ያው ነፋስ ከፊትህ ሆኖ 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ካስኬደህ ሦስት ሰዓት ነው፤ ያውም ነፋሱ ካልጨመረ። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ አይሰማም። ፊት ላይ አይመታም፤ ሰውየው ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ መጥተህ ውጣ፣ ነፋሱ ይመልስህ።

ነፋሱ በተነሣ ጊዜ

ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር የሚቀዘፍ ጀልባ ተከራይተን ማለዳ ወደ ዘጌ አቀናን። አካሄዳችን ያማረ ነበር። ገዳማቱን ተሳልመን፣ የዘጌን ቡና ጠጥተን፣ ስናወራ ቆይተን ልንመለስ ስንል ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። ታንኳውን ጎትቶ ዳር ላይ ያሰጣ አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ካልሆነም እዚሁ እደሩ» አለን። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ነበረን። ስቀን ገባን።

ነፋሱ ከሐይቁ መሐል ወደ ዳር ይነፍስ ነበር፤ ከጎንና ከኋላችን ማለት ነው። መጀመሪያ ፈጠንን፣ ደስም አለን። ከዚያ ሞገዱ የጀልባዋን ኋላ እያነሣ አፍንጫዋን ወደ ውሃው ይደፍቅ፣ ወዲያው ኋላዋን ይዞ ወደ ጎን ያዞራት ጀመር። ጎኗን በሰጠች ቁጥር ውሃ ገባ። ሁለታችን ስንቀዝፍ ሁለቱ በውሃ መጠጫ ጆግ ይቀዱ ነበር። የዳንነው በብልሃት አይደለም፤ ነፋሱ ወደ ዳር ስለነበር ሳንፈልግ ወደ ደንገሉ ውስጥ ወረወረን። ጭቃ እስከ ጉልበታችን፣ ጨለማ ውስጥ፣ በእግር። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።

በኋላ ጠይቄና አንብቤ እንደተረዳሁት ስህተታችን ከመነሣታችን ሌላ ብዙ ነበር። ከፊት የሚመጣ ሞገድ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። አፍንጫውን ወደ ሞገዱ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ መስጠት ነው። ምቱ አጠር ይላል፣ ቶሎ ቶሎ ይሆናል፤ አይቆምም። መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ እንደ ምርኩዝ ነው። ለማረፍ ብሎ ከውሃ ያወጣው ሰው ምርኩዙን ጣለ፤ የደከመበትንም መንገድ ነፋሱ ይመልስበታል። ማረፍ ካስፈለገ ከደሴት ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት ገብቶ ነው።

የጎን ነፋስ ተንኮለኛ ነው። ብዙ ጀልባ በጎን ነፋስ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ማዞር ይወዳል። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ሰፋ አድርጎ መቅዘፍ ያቀናዋል። ጀልባው ቀጥ ብሎ የሄደ ሲመስልም እየተንሸራተተ ነው። ይህን ለማወቅ ዳር ላይ ሁለት ምልክት ያዝ፤ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ዛፍና ከበስተኋላው ያለ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጉልላት። ሁለቱ እንደተደራረቡ ከቆዩ መንገድህን ይዘሃል። ከተለያዩ እየተወሰድክ ነው፤ ከምትደርስበት ሥፍራ አስበልጠህ ወደ ነፋሱ አነጣጥር። ከኋላ ለሚመጣ ሞገድ ደግሞ ሸክሙን ከአፍንጫው ወደ ኋላ ቀነስ አድርጎ መመለስ፣ ሞገዱ ሲያነሣ አለመሽቀዳደም፣ ጎን እንዳይሰጥ የኋለኛው ቀዛፊ ነቅቶ ማረም ነው። ዳሩ ሲቀርብ ውሃው ስለሚሳሳ ሞገዱ ይቆማል፣ ይሰበራል፤ «ደረስን» ብሎ ብድግ የሚል ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ከተገለበጠ ከጀልባው አትለይ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፤ በውሃ ላይ ርቀት ያታልላል። የተገለበጠ ጀልባ ብዙውን ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ከሰው ራስ ይልቅም ከሩቅ ይታያል። ጋቢ፣ ጫማ፣ ከባድ ካፖርት ይውለቅ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሙያዬ ነውና ሳልነካው ላልፍ አልችልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ ይከፍላል ይላል። በቁጥር 2081 ደግሞ ባለሞተር ተሽከርካሪ ወይም መኪና ያለው ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ በእኔ ንባብ ከሁለተኛው አይገባም። ስለዚህ ጀልባ አከራይቶ ሰው የሰጠመበት ባለቤት ተጠያቂ እንዲሆን ጥፋቱን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያለ ጃኬት መስጠቱን፣ ከልክ በላይ መጫኑን፣ ነፋስ እያየ ማስወጣቱን። ነገሩ ሞት ካደረሰ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ሊመጣ ይችላል። አከራዮች «በራስህ ኃላፊነት ነው» ማለት የሚበቃ እየመሰላቸው ይናገራሉ፤ አይበቃም። ተከራዩም የራሱ ጥፋት ካሣውን እንደሚቀንስበት ይወቅ።

ሌላው ቁጥር 575 ነው። በከባድና በተቃረበ አደጋ ላይ ያለን ሰው በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ሳያደርስ ሊረዳ ሲችል ሆን ብሎ የተወ ሰው ይቀጣል። «በራሱ ላይ አደጋ ሳያደርስ» የምትለዋን አስምሩባት። ሕጉ ዋና የማትችለውን ሰውዬ ዘለህ ግባ አይልህም። አንድ ሰው ሲሰጥም ሊያድነው የዘለለው ሁለተኛ ይሆናል። ገመድ ወርውር፣ ዘንግ ዘርጋ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ጣል፣ ጩኽ።

ሐረማያ ላይ ለሚወጣ

ከጣና የተማርነውን ወደ ሰፈራችን ስንመልሰው ሐረማያ የራሱ ጠባይ አለው። ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ የወደቀ ሰው እጁ ቶሎ ይደነዝዛል። ደርቆ በነበረበት ዘመን ወለሉ ታርሷል፣ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮበታል። ስለዚህ «እዚህ እስከ ወገብ ነው» የሚባለው ሥፍራ ሁለት እርምጃ አልፎ ወለል ላይኖረው ይችላል። ከጀልባ ዘሎ በእግር ልውጣ የሚል ሰው በዘንግ እየለካ ይሁን። ውሃው ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥም አምና የነበረው ዳር ዘንድሮ የለም። ጣናም ከዚህ አያመልጥም፤ በ1995 ዓ.ም. ውሃው ወርዶ ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በሰሜኑ ዳርቻ የቀዛፊውን መንገድ ዘግቶበታል።

ይህን ሁሉ ለልጁ በሁለት ብርጭቆ ሻይ ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ስልኩን እያየ ነው። መጨረሻ ላይ ግን «እሺ ጋሼ፣ በጠዋት እንውጣ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ እንመለስ፣ ነጭ ካየንም እንተወው። ጃኬቱን ግን ከየት ላምጣ? ጭሮ ገበያ አይሸጥ» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ነበር። በውሃ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ድጋፍ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ደህና የተባለ ጃኬት 10 ኪሎ ያህል ይይዛል። ክዳኑ በደንብ የገጠመ ባዶ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ 20 ኪሎ ያህል ይሸከማል። እንደ ጃኬት ራሱን የሳተ ሰው አፍና አፍንጫ ከውሃ በላይ አይዝም፤ ስለዚህ ምትኩ አይደለም። ጃኬት እስኪገኝ ግን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ፣ እጀታው ላይ ሁለት ክንድ ገመድ ታስሮበት ጀልባው ውስጥ ቢኖር የሚጣለው ለወደቀው ሰው ነው፤ ዳር ላይ ያለው ሰውም ገመዱን አርዝሞ ይወረውረዋል።

«የወረፋ ጀሪካን ይዘን ሐይቅ እንውጣ?» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሲሳሳቅ ቆይቶ ክዳኑ የማያፈስ ስንት እንዳለን እናቱን ደውሎ ጠየቃት። ሦስት አሉ። አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ዳር ይጠብቃሉ ተባባልን።